የኩላሊት የጨው ሒሳብ



ባለፈው ሳምንት ባምቢስ ታክሲ ስጠብቅ አንዲት እናት አወቁኝና ጠጋ አሉ። «ሲስተር፣ አንቺ በየጊዜው ጨው ቀንሱ ትይናለሽ። የልጅ ልጄን ተቅማጥ ሲይዘው ደግሞ ጤና ጣቢያ ጨው ያለበትን ዱቄት በጥብጠሽ አጠጪው አሉኝ። ለመሆኑ ጨው ወዳጅ ነው ጠላት?» ብለው ጠየቁኝ። መልሱን ጀምሬ ሳልጨርስ ታክሲያቸው መጣ። የዛሬው ጽሑፍ ለእሳቸው የቀረብኝ ዕዳ ነው።

መልሱን ከመጻሕፍት በላይ ያስተማረችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ዕድሜዋ ከ70 አልፏል። ለደም ግፊቷ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ኢናላፕሪል መውሰድ ከጀመረች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ካዛንቺስ ተወልደን ካዛንቺስ ነው ያደግነው። ሰፈሩ ሲፈርስ እሷ የከተማው ዳር ደረሳት፤ እኔ ከባምቢስ አልራቅሁም። በየቀኑ ቡና እንጣጣ የነበርን እህትማማቾች ከዚያ ወዲህ የስልክ ዘመዳሞች ሆንን።

በዐቢይ ጾም ወቅት ተቅማጥ ያዛትና ደወለችልኝ። እኔም እንደ አዋቂ ሆኜ «ውኃ በደንብ ጠጪ፣ ጨው ግን እንዳትቀምሺ ግፊትሽ ይነሳል፤ ኪኒንሽንም እንዳታቋርጪ» አልኳት። ቃሌን አክብራ እንዳልኳት አደረገች። በሦስተኛው ቀን «ሻል ብሎኛል» ብላ ወደ እኔ ስትመጣ ባምቢስ ከታክሲ እንደወረደች አዞራትና ወደቀች። ሰዎች ደግፈው አስቀምጠዋት ደረስኩ። ምላሷ ደርቆ፣ እጇ ቀዝቅዞ ነበር። ሕክምና ስንደርስ ግፊቷ 80 በ50 ሆኖ ተገኘ፤ ኩላሊቷ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየው የደም ምርመራም ከወትሮው እጥፍ ሆኗል።

ነርሷ መጣችና ከረጢቱን ሰቀለች። ብዙዎቻችን በልማድ «ግሉኮስ» እንለዋለን እንጂ የተሰቀለላት የጨው ውኃ ነበር። በአንድ ሊትሩ ውስጥ 9 ግራም ጨው አለ። ጨው የከለከልኳት እኔ፣ ያቆማት ደግሞ ጨው። ያንኑ ከረጢት ስንቱ በሽተኛ ላይ እንደሰቀልኩ ቁጥሩን አላውቀውም፤ ያን ቀን ግን አልጋው አጠገብ ቆሜ እንደ ጀማሪ አፈርኩ። እህቴ በሁለተኛው ቀን ወደ ቤቷ ተመለሰች፣ ኩላሊቷም አገገመ። እኔ ግን የማውቀውን ነገር እንደገና ከሥሩ ማየት ነበረብኝ።

በቀን ዘጠኝ ጄሪካን

ኩላሊት ቆሻሻ የሚያወጣ ወንፊት ብቻ ይመስለናል። ከዚያ ይበልጣል። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን የሚያህሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ከየማጣሪያው ሥር ደግሞ ከፀጉር የቀጠነ፣ የተጠማዘዘ ቱቦ ይወርዳል። ማጣሪያዎቹ በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያወጣሉ። ይህ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ዘጠኝ መሆኑ ነው። በዚያ ፈሳሽ ውስጥ አንድ ኪሎ ተኩል የሚጠጋ ጨው አለ። ወንፊት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከቁርስ እስከ ምሳ ባልኖርን ነበር።

የሚያኖሩን ቱቦዎቹ ናቸው። ከ180ው ሊትር አብዛኛውን ጊዜ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ተኩል ወይም ሁለት ሊትር ብቻ ነው። የቀረው ውኃ፣ ከጨውም ከመቶ 99 የሚሆነው ወደ ደም ይመለሳል። መጀመሪያ ያለው የቱቦው ክፍል ከጨው ሁለት ሦስተኛውን ይመልሳል። ቀጥሎ እንደ ፀጉር ማስያዣ ወርዶ የሚታጠፈው ክፍል ሩቡን ያህል ይወስዳል። የቀረውን ጥቂት ከመቶ የሚይዙት የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ናቸው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የዕድር ገንዘብ ያዥ ቀኑን ሙሉ ትልልቁን ብር ሲቆጥር ይውላል፤ ሒሳቡ የሚዘጋው ግን በመጨረሻዋ ሳንቲም ነው። ኩላሊትም እንደዚሁ ነው። ዛሬ ሽሮው ጨው በዝቶበት ከሆነ ትርፉን የሚለቁት፣ ነገ ጨው ካነሰም ያለውን አጥብቀው የሚይዙት በተለይ እነዚያ የመጨረሻ ክፍሎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹም ይረዳሉ፣ ማስተካከያው ግን መጨረሻ ላይ ነው።

ትእዛዙ ከየት ይመጣል?

ቱቦው በራሱ አይወስንም፤ ትእዛዝ ይቀበላል። ጨው ሲያንስ ወይም ሰውነት ፈሳሽ ሲያጣ ኩላሊት ሬኒን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃል። ሬኒን በበኩሉ ሌላ ሆርሞን እንዲሠራ ያደርጋል። እሱም የደም ሥርን ያጠብባል፤ ከኩላሊት ራስ ላይ እንደ ቆብ የተቀመጠውን እጢም ያዝዛል። እጢው አልዶስትሮንን ያመነጫል። አልዶስትሮን የመጨረሻው ቱቦ ውስጥ ገብቶ «ጨው የሚገባበትን በር አብዙ» ይላል፤ የቱቦው ሕዋሳትም ተጨማሪ በሮችን ሠርተው ያወጣሉ። አንጎል የሚልከው ሌላ ሆርሞን ደግሞ ውኃ እንዲያዝ ያደርጋል።

ጨው ሲበዛ ትእዛዙ ይገለበጣል። ሬኒንና አልዶስትሮን ይቀንሳሉ፣ በሮቹ ይዘጋሉ። ደም በዝቶ የልብ የላይኛው ክፍል ሲለጠጥም ልብ ራሱ «ጨው ልቀቁ» የሚል ሆርሞን ይልካል። ልብ ደም ከመግፋት አልፎ ለኩላሊት መልእክት የሚጽፍ መሆኑ የታወቀው እኔ ልጅ ሳለሁ አልነበረም፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1981 ነው። ሬኒን ግን ከዚያ በፊት በ1898፣ አልዶስትሮን ደግሞ በ1953 ታውቀዋል።

ፖታሲየምም ድርሻ አለው። ጎመን፣ ድንች፣ ሙዝ፣ ባቄላና ሽምብራ ፖታሲየም አላቸው። ፖታሲየም በምግብ ሲገባ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ክፍል ጨው መመለሱን ይቀንሳል፤ ጨው በሽንት ይወጣል። አትክልትና ጥራጥሬ ለደም ግፊት ደግ ናቸው የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ለመልመድ ቀናት ይፈጃል

ሰው ስለማይነግረን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውኃ ብዙ ስንጠጣ በሰዓታት ውስጥ እንሸናዋለን። ጨው እንዲህ አይደለም። ዛሬ የምንበላው የጨው መጠን ድንገት ቢጨምር ወይም ቢቀንስ፣ የሚወጣው ከሚገባው ጋር እስኪስተካከል ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይወስዳል። በእነዚያ ቀናት የተረፈው ጨው ውኃ ይዞ ይቀመጣል። 9 ግራም ጨው ከያዝን አንድ ሊትር ውኃ ያዝን ማለት ነው፤ ከረጢቱን አስታውሱ። አንድ ሊትር ደግሞ ሚዛን ላይ አንድ ኪሎ ነው። በበዓል ማግስት ቀለበት የሚጠብበን፣ ጫማ እንቢ የሚለን ለዚህ ነው።

ወጣት ኩላሊት ይህንን ቶሎ ያስተካክላል። በዕድሜ ግን ሁለቱም አቅጣጫ ይዘገያል። ሽማግሌ ጨው ሲበዛበት ለመልቀቅ፣ ሲያንሰውም ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋል። ሬኒንና አልዶስትሮን በዕድሜ ይቀንሳሉ፣ የጥም ስሜትም ይደክማል። አያቶች «አልጠማኝም» ሲሉ ውሸታቸውን አይደለም፤ ሰውነታቸው አልነገራቸውም እንጂ ውኃ ጎድሏል።

አሁን ወደ እህቴ እንመለስ። በተቅማጡ ጨውም ውኃም ወጣ። ኩላሊቷ «ያዝ» የሚለውን ትእዛዝ ማውጣት ነበረበት። ነገር ግን ኢናላፕሪል የሚሠራው ያንን ትእዛዝ መሀል ላይ በመቁረጥ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ ከመጨረሻዎቹ ቱቦዎች በአንዱ ላይ የጨውን በር ይዘጋል። ዕድሜዋም አለ። በላዩ ላይ እኔ በምላሷ እንኳ እንዳትቀምስ ከለከልኳት። ብቻውን የተጠጣ ውኃ ጨው ሳያገኝ አይቀመጥም። ኪኒኖቹ መጥፎ ሆነው አይደለም፤ በደህናው ቀን ከስትሮክ የጠበቋት እነሱ ናቸው። ያለ ጊዜያቸው ነው የተወሰዱት።

የልጁም ዱቄት ከዚሁ ነው። ኦ.አር.ኤስ ጨውና ስኳር የተመጠነበት ነው። አንጀት ውስጥ ስኳሩ ጨውን ይዞ ይገባል፣ ውኃውም ይከተላቸዋል። ስለዚህ እኚያ እናት የተነገራቸው ትክክል ነው። ነገር ግን ፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውኃ መጠን ብቻ ይበጥበጥ። «ይበርታ» ተብሎ በትንሽ ውኃ ከተበጠበጠ የሕፃን ኩላሊት ትርፍ ጨው ለመጣል ገና አልጠነከረምና ይጎዳል። በዚሁ ምክንያት አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ገንፎና ሾርባ ላይ ጨው አይጨመርም። እኛ ቀምሰን «አልጣፈጠም» ያልነው ለሕፃኑ ጣፋጭ ነው።

«አንድ ላሲክስ ጨምሬ እበላለሁ»

የካዛንቺስ ጎረቤቴ የነበሩ አንድ ጋሼ አሉ። ልባቸው ደክሟል፤ ላሲክስ ይወስዳሉ። በየፋሲካው ሲመክሯቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «ሲስተር፣ አታስቢ! አንድ ኪኒን ጨምሬ ዶሮዬን እበላለሁ።» ታዲያ በየዓመቱ ከዳግማ ትንሣኤ በፊት እግራቸው አብጦ፣ ትራስ ደርበው ተቀምጠው ያድራሉ።

ለምን አይሠራላቸውም? ላሲክስ የሚሠራው በሚታጠፈው የቱቦ ክፍል ላይ ነው፤ ያ ክፍል የሚወስደውን ሩብ ጨው እንዳይመልስ ያግደዋል። ስለዚህ ሽንት ይጎርፋል። ነገር ግን ኃይሉ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ካለቀ በኋላ ኩላሊት «ተዘረፍኩ» ብሎ በቀሪው ሰዓት የገባለትን ጨው ሁሉ አንቆ ይይዛል። በምሳ ሰዓት ያስወጣውን በእራት ዶሮ ወጥ ይመልሰዋል። ከዚህም የባሰ አለ። ላሲክስ ለሳምንታት ሲወሰድ ከሥሩ ያሉት የቱቦ ክፍሎች በሚወርድላቸው ጨው ብዛት እየወፈሩ፣ ጨው የመያዝ አቅማቸው እየጨመረ ይሄዳል። ያው መጠን እንደ ድሮው የማያሸናበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። «መድኃኒቱ ተበላሽቶ ነው» ብለን ፋርማሲ ከመቀየራችን በፊት ድስቱን እንመልከት።

የደከመ ልብ ሌላም ጣጣ አለበት። ደም በበቂ ኃይል ስለማይደርሰው ኩላሊት ሰውየው የተጠማ ይመስለዋል። እግር አብጦ ሳለ «ጨው ጎድሏል፣ ያዙ» የሚለው ትእዛዝ አይቆምም። ኩላሊቱ ትእዛዝ አክባሪ ነው፤ የተሳሳተው ወሬው ነው። ስፓይሮኖላክቶን የሚባለው ኪኒን የሚሰጠው ይህንን የአልዶስትሮን ትእዛዝ ለማፈን ነው።

ጨው የሚደበቅበት

ጨው ለእኛ ተራ ነገር ሆኖ አያውቅም። ከአፋር ዝቅተኛ ቦታ በግመል እየተጫነ የሚወጣው አሞሌ ገንዘብ ሆኖ ለዘመናት ተገበያይተንበታል። ውድ የነበረ ነገር ሲረክስ ይበዛል። በ2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በመላ አገሪቱ ባካሄደው ጥናት አዋቂ ሰው በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው እንደሚወስድ ተገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ነው። በዚያው ጥናት ከመቶ 16 የሚጠጉት ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

«እኔ እኮ ጨው አልወድም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ልክ ናቸውም። ግን በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሽሮው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል። ድስት ላይ ደግሞ «ትንሽ ለጣዕም» ይጨመራል። ሦስት ጊዜ ማለት ነው። አዋዜው፣ ሚጥሚጣው፣ ቋንጣው፣ የዳቦ ቤቱ ዳቦና ከሱፐርማርኬት የምንገዛው የወጥ ማጣፈጫ ኩብ በዚህ ላይ ይደመራል።

መቀነስ ግን አዮዲን የሌለውን ጨው መግዛት አይደለም። እንቅርትን ለመከላከል የምንመገበው ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም. ደንብ ወጥቷል። ጥቂት እንብላ፣ የምንበላው ግን አዮዲን ያለው ይሁን።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በደህናው ቀን ጨው የምንቀንሰው ቀስ እያልን ነው። ምላስም እንደ ኩላሊት ይለምዳል፤ ሳምንታት ግን ይፈልጋል። በአንድ ቀን ጨው አልባ ወጥ ያቀረበች ሙሽራ አማቷን ታስቀይማለች እንጂ አታስተምርም። የሚቀጥለውን በርበሬና ሽሮ ስታዘጋጁ ጨውን ተዉት። ድስት ላይ ብቻ፣ በማንኪያ ለክታችሁ ጨምሩ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና ሎሚ የጎደለውን ይሸፍናሉ።

ለደም ግፊት ወይም ለልብ መድኃኒት የሚወስድ አባት ወይም እናት ያላችሁ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙን ይህን ጠይቁ፦ «ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛቸው የትኛውን ኪኒን፣ ለስንት ቀን እናቁም?» መልሱን ጽፋችሁ መድኃኒቱ ካለበት ዕቃ ላይ ለጥፉት። ሕመሙ ከመጣ በኋላም በዚያው ዕለት ሐኪም ጋ ደውሉ ወይም ውሰዷቸው። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ፤ የኔን ስሕተት ገልብጣችሁ እንዳትሠሩት።

ልቡ የደከመ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ሚዛን ይኑር። ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት ይመዘን። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመረ ውፍረት አይደለም፣ ውኃ ነው፤ እግር እስኪያብጥ ሳትጠብቁ ወደ ሕክምና ሂዱ።

የጉልበት ሕመም የሚያሠቃያቸው አያቶች ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም አይውሰዱ። እነዚህ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ፣ ጨውም ያስይዛሉ። ከኢናላፕሪልና ከሚያሸና ኪኒን ጋር ሲደራረቡ ኩላሊትን ድንገት ሊያደክሙ ይችላሉ።

«ጨው የሚተካ ጨው» ተብሎ ከውጭ አገር የሚላክላችሁን ዕቃ ጽሑፉን አንብቡ። ብዙውን ጊዜ በሶዲየም ፋንታ ፖታሲየም ነው። ጤነኛ ሰው ይጠቀምበታል። ኩላሊቱ ለታመመ፣ ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን ለሚወስድ ሰው ግን ፖታሲየም ደም ውስጥ ተከማችቶ ልብን ሊያቆም ይችላል። ኩላሊታቸው የታመመ ሰዎች የአትክልቱንና የሙዙንም መጠን ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ መጀመሩ ትልቅ ደስታ ነበር። ሆኖም ለጋሽ ዘመድ ማግኘት ቀላል አይደለም። በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ከእጥበት ማሽን ጋር የሚታሰሩ ወገኖቻችንን፣ ለዚያም ቤታቸውን የሸጡትን ያየ ሰው፣ እነዚያ ቀጫጭን ቱቦዎች በነፃ የሚሠሩልንን ሥራ አይንቅም።

ለባምቢሷ እናት መልሴ እንግዲህ ይህ ነው፦ ጨው ወዳጅም ጠላትም አይደለም፤ ልክ የሚፈልግ ነገር ነው። ልኩን የሚያውቀው ኩላሊት ነው፤ እኛ ግን ጊዜ እንስጠው፣ በዕድሜ የገፋውን ደግሞ እንርዳው። እህቴ አሁን ደኅና ናት። ሽሮዋ ውስጥ ጨው የሚገባው አንድ ጊዜ ብቻ ሆኗል። ስትታመም ደግሞ ትደውልልኛለች፤ እኔም ምክሬን በስልክ ከመስጠቴ በፊት ታክሲ ይዤ ሄጄ ምላሷን አያለሁ።

ሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ቸር ያሰንብተን።